ማክሰኞ ማክሰኞ የሚመጣው ሰው

እዚያ መሥሪያ ቤት በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሥራ አስኪያጁም፣ መሐንዲሶቹም፣ በር ላይ የሚቆመው ጥበቃም «ጆሮ» ነበር የሚሏት። ስሙን መጀመሪያ ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ የለም፤ ለምን እንደወጣ ግን ማንም አይጠይቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የደንበኛ ስልክ ስታነሳ የኖረችው እሷ ናት። የሰው ብሶት ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ጆሮ ላይ ነው።

ድርጅቱ ከጎማ መሸጫ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሃያ ሦስት ሰው ይዞ የተቀመጠ ነው። የሚሠራው ዘበኛ ነው፤ ዱላ የሚይዝ ዘበኛ ሳይሆን በሌሎች ድርጅቶች ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጥ ሶፍትዌር። የተበከለ ፋይል ሲመጣ ይይዛል፣ የማይታወቅ ሰው ሊገባ ሲሞክር ያያል፣ ያየውንም በስክሪኑ ጥግ በትንሽ ሳጥን ጽፎ ያሳውቃል። ጆሮ ይሄን ሁሉ የተማረችው እዚያው ሥራ ላይ ነው። ስትቀጠር ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው መክፈትና መዝጋት ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሰው ማዳመጥን ግን ከልጅነቷ ነው የተማረችው። እናቷ ጆሮዋ ከባድ ነበር። ሐኪም ቤት ሲኬድ፣ ሱቅ ሲገባ፣ ጎረቤት ሲመጣ የሰዉን ቃል ተቀብላ እናቷ ጆሮ ሥር የምታደርሰው እሷ ነበረች። ሐኪሙ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲያብራራ ቆይቶ ሲጨርስ፣ እሷ ለእናቷ «ጨው ቀንሺ፤ ሐሙስ እንመለሳለን» ትላታለች፤ አለቀ። ሐኪሙ ይገርመዋል። ሁሉን ልጩህልሽ ብትል እናቷ እንደምትደክምና ፊቷን እንደምታዞር፣ ከዚያ በኋላ ዋናው ነገር ቢመጣም እንደማትሰማ፣ ልጅቷ በሰባት ዓመቷ ታውቅ ነበር።

ሶፍትዌሩን ከመሠረቱ የገነባው ዋናው መሐንዲስ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያስብ የሸሚዙን ቁልፍ የሚያሽከረክር ሰው። ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም እንደ እሱ ለሥራው የሚንገበገብ በዚያ ፎቅ ላይ አልነበረም። ግን ስብሰባ በተደረገ ቁጥር፣ አንዱ ተነስቶ «ሌሎቹ እኮ ይሄም ይሄም አላቸው» ባለ ቁጥር፣ «እሱንም እንጨምር» ይላል። በዚህ የተነሳ በሌለበት «ጨምር» ይሉታል። አንድ ቀን የቢሮው የጽዳት ሠራተኛ ሻይ ስታቀርብለት ሳትጠይቀው አራት ማንኪያ ስኳር አድርጋ «ስምህን ሰምቼ ነው» አለችው ይባላል። እሱም ሳቀና ጠጣው።

መጀመሪያ ስድስት ነገር ብቻ ይሠራ የነበረው ዘበኛ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አርባ አንድ ነገር የሚሠራ ሆነ። የሚያወጣቸው የማስጠንቀቂያ ዓይነቶችም ስልሳ ሦስት ደረሱ፤ ጥቂቱ ቀይ፣ ጥቂቱ ብርቱካንማ፣ የቀረው ሁሉ ቢጫ። በዚያው ልክ ስልኩ በዛ። የጥርስ ሐኪም ጸሐፊ ትደውላለች፤ ማተሚያ ቤት ይደውላል፤ የጭነት መኪና የሚያሰማራ ሰው ይደውላል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ ይሄ ነገር ምንድን ነው የሚለኝ? ልጫነው ወይስ ልተወው?

ጆሮ ይህን ለመሐንዲሱ ምላሷ ፀጉር እስኪያበቅል ነግራዋለች። እሱ ሰዎቹ መመሪያ ስለማያነቡ ነው ይላታል። መመሪያው መቶ ስልሳ ገጽ ነው ስትለው፣ መቶ ስልሳ ገጽ የሆነው ምንም እንዳይጎድል ነው ይላታል። እንዲህ እየተባባሉ ዓመታት አለፉ። እሷም እንጀራዋ ነውና ስልኩን ታነሳለች፤ «ቢጫ ከሆነ ግድ የለም፣ ይለፉት» እያለች ቀኗን ትገፋለች። ይቺን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምትላት ቆጥራ አታውቅም ነበር።

ከደንበኞቹ መካከል በመኪና አራት ሰዓት ርቆ የሚገኝ አንድ የመድኃኒት መጋዘን ነበር። ክትባት፣ ኢንሱሊንና ሌላም ቅዝቃዜ የሚፈልግ መድኃኒት ለሃምሳ ምናምን ጤና ጣቢያዎች የሚከፋፈለው ከዚያ ነው። የመጋዘኑን ኮምፒውተር የሚይዙት ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሴት ናቸው፤ ጫኝና አውራጆቹ «እማማ» ስለሚሏቸው ጆሮም በስልክ እንደዚያው ነበር የምትጠራቸው። ሶፍትዌሩ ከተገጠመላቸው ቀን ጀምሮ እማማ ያልደወሉበት ቀን አልነበረም ማለት ይቻላል። አይቆጡም፣ አያማርሩም፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል ያነቡላትና «ይሄ ምን ማለት ነው ልጄ?» ይላሉ። ከዚያ ቀስ በቀስ ስልካቸው እየራቀ መጣ። ከዚያም ጨርሶ ጠፋ።

ሌላው ሰው ቢሆን ተመስገን ይላል። ጆሮ ግን ሁለት ወር ሙሉ ከዚያ ቁጥር አንድም ጥሪ አለመምጣቱ ከነከናት። በየቀኑ የሚጠይቅ ሰው ድንገት ዝም ካለ ወይ ገብቶታል ወይ ተስፋ ቆርጧል፤ ያ ሶፍትዌር ደግሞ ገብቶት ዝም ያለ ሰው አሳይቷት አያውቅም። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብታ ሄጄ ልያቸው አለች። ሥራ አስኪያጁ ትንሽ አሰበና መሐንዲሱም አብሯት እንዲሄድ አዘዘ። መሐንዲሱ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደንበኛ ቤት ረግጦ አያውቅም ነበር። መንገዱን ሁሉ አኩርፎ ኮምፒውተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሲሠራ ሄደ።

መጋዘኑ ትልቅ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ነው። በሩ ላይ መኪናዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ተደርድረዋል። ውስጥ ሦስት ማቀዝቀዣ ክፍሎች ጎን ለጎን ቆመው ያጉረመርማሉ፤ የእያንዳንዱ በር ላይ ሙቀቱን የሚያሳይ ቁጥር ይበራል። እማማ ከበሩ አጠገብ በመስታወት በተከለለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ወፍራም ሹራብ ለብሰዋል፣ እርሳስ ፀጉራቸው ውስጥ ሰክተዋል። ጆሮ ራሷን ስታስተዋውቅ ድምፅዋን ለይተው ተነስተው ሳሟት። መሐንዲሱ ግን ሰላምታውን ሳይጨርስ ዓይኑ ኮምፒውተሩ ላይ ተተክሎ ቀረ።

የስክሪኑ የታችኛው ቀኝ ጥግ በካርቶን ተሸፍኗል። ከመድኃኒት ማሸጊያ ተቆርጦ ከላይ በኩል ብቻ በፕላስተር የተለጠፈ ካርቶን። ማስጠንቀቂያ የሚወጣበት ቦታ በትክክል ያ ነው።

መሐንዲሱ ፊቱ ተለዋወጠ። ይሄን ማን አደረገው ብሎ ጠየቀ። እማማ ምንም ሳይደናገጡ እኔ ነኝ አሉ። መኪና ሲጫን እቃ እየቆጠሩ ሳለ ያ ሳጥን ብቅ ጥልቅ እያለ ቁጥር ያስታቸው ነበር፤ አንድ ጊዜ በእሱ ምክንያት የአንዱን ጤና ጣቢያ ክትባት ለሌላው ሊልኩት ምንም አልቀራቸውም። ስለዚህ ሸፈኑት። ግን ጨርሰው አልተዉትም፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት ሲገቡ፣ እኩለ ቀን ላይና ሊወጡ ሲሉ፣ ካርቶኑን እንደ መጋረጃ ገለጥ ያደርጉና ከሥሩ የተጠራቀመውን ሁሉ ያነባሉ። ካነበቡ በኋላ ይጽፉታል።

«የት ነው የሚጽፉት?» አለ መሐንዲሱ።

እማማ መሳቢያቸውን ስበው ጠርዙ የተበላ ወፍራም ደብተር አወጡ።

ጆሮ ያንን ደብተር መጀመሪያ ስትገልጠው ቆማ ነበር፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የአሥራ አንድ ወር ማስጠንቀቂያ፣ አንድም ሳይቀር፣ በእርሳስ ተጽፏል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ሳጥኑ ያለው ቃል፤ ከጎኑ በዚያ ሰዓት መጋዘኑ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር፤ ከዚያ ጎን ምን እንደተደረገና ምን እንደተከተለ። እማማ ማንም ሳያስተምራቸው ስልሳ ሦስቱን ዓይነት ለይተው ጨርሰዋል። ይሄኛው የሚመጣው ሹፌሮች ስልካቸውን ቻርጅ ለማድረግ ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰኩ ነው። ያኛው የሚመጣው የማቀዝቀዣው መቆጣጠሪያ በየሰዓቱ ሙቀቱን ሲልክ ነው። ይሄኛው መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። በደብተሩ መጨረሻ ላይ ደምድመውታል፤ በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ሰው አንድ ነገር እንዲያደርግ የሚጠይቁት አራት ዓይነት ብቻ ናቸው። የቀሩት ሃምሳ ዘጠኙ፣ በእማማ ቃል፣ «ዘበኛው አለሁ ለማለት የሚያስላቸው ሳሎች» ናቸው።

ጆሮ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይሄን ሥራ እነሱ ቢሮ ውስጥ ለመሥራት ቢታሰብ ሦስት ሰው ዓመት ይፈጅበታል። እሳቸው ክትባት እየቆጠሩ፣ ከሹፌር ጋር እየተነታረኩ፣ በአንድ እርሳስ ሠርተውታል።

መሐንዲሱም ከትከሻዋ በላይ ሆኖ ያነብ ነበር። ድንገት ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። በእርሳስ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። «ይሄ ሰው ማክሰኞ ማክሰኞ ለምን ይመጣል?» ይላል።

ማን ነው ይሄ ሰው ብሎ ጠየቃቸው። እማማ ማን እንደሆነ እንደማያውቁ ነገሩት። ሳጥኑ «የማረጋገጫ ሙከራ አልተሳካም» ይላል፤ ቢጫ ነው። እንዲህ ያለው በየቀኑ ይመጣል፤ ሰው ፓስወርዱን ይሳሳታል፣ ደግሞ ይሞክራል፣ ይገባል። ይሄኛው ግን ሁልጊዜ ማክሰኞ ነው፣ ሁልጊዜ ረፋዱ ላይ ነው፣ ሁልጊዜ ሦስት ጊዜ ብቻ ይሞክርና ሳይገባ ይሄዳል። ፓስወርዱን የረሳ ሰው ይበሳጫል፣ አራተኛ አምስተኛ ይሞክራል፣ ይደውላል፤ ሦስት ጊዜ ብቻ አንኳኩቶ በትዕግሥት ሳምንት የሚጠብቅ ሰው እሳቸው አይተው አያውቁም።

ከሥሩ ደግሞ ሌላ መስመር ነበር። ጆሮ ወደ ደብተሩ ጎንበስ ብላ አነበበችው። «ደወልኩ። ቢጫ ስለሆነ ይለፉት አሉኝ። እኔ ግን አላመንኩም» ይላል። ቀኑ ተጽፏል። ስልኩን ያነሳችው እሷ ነች። ከእሷ ሌላ ስልክ የሚያነሳ የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ የእማማ ስልክ መራቅ የጀመረውም ለምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባት።

መሐንዲሱ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሶፍትዌሩ ያየውን ሁሉ የሚመዘግብበት ማህደር ውስጥ ገብቶ መፈለግ ጀመረ። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈለገ። ከዚያ ያገኘውን በዝቅተኛ ድምፅ ነገራቸው። እማማ ልክ ናቸው። ሥራ ከለቀቀ ሁለት ዓመት በሆነው በአንድ ዕቃ አስረካቢ ስም፣ ከውጭ የሆነ ሰው ለሠላሳ አንድ ሳምንት በየማክሰኞው ሦስት ሦስት የይለፍ ቃል ሲሞክር ኖሯል። ዘጠና ሦስት ቃል። ሦስት ላይ የሚያቆመው ሶፍትዌሩ የሚቆልፈው አምስተኛው ላይ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ማክሰኞን የመረጠው ለምን ይሆን ብሎ ጠየቀ።

«ትልቁ ጭነት የሚገባው ማክሰኞ ነዋ» አሉ እማማ። «ማንም ቀና ብሎ አያይም።»

ከገባስ ምን ሊነካ ይችላል ብላ ጆሮ ጠየቀች። መሐንዲሱ ወደ ማቀዝቀዣ ክፍሎቹ በዓይኑ ጠቆመ። ሙቀታቸውን የሚቆጣጠረው ያው የኮምፒውተር መስመር ነው። የሃምሳ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ከእነዚያ በሮች ኋላ ተደርድሯል።

የለቀቀውን ዕቃ አስረካቢ ስም ወዲያው ዘጉ፤ ከሁለት ደቂቃ የማይበልጥ ሥራ ነበር። መሐንዲሱ ግን ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ባዶ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን አቅፎ ማቀዝቀዣዎቹን ያያል። ጆሮ እንደዚያ ሆኖ አይታው አታውቅም። ቆይቶ ሶፍትዌሩ ሰውየውን ሠላሳ አንድ ጊዜም አይቶታል አለ፤ አንድም አላመለጠውም። አይቶ ግን የተናገረው በዚያው እንደ ሳል በሚቆጠር ቢጫ ድምፅ ነው። ከዚያ ወደ እማማ ዞሮ ነገ አጠገብዎ ተቀምጬ ሲሠሩ ልይዎት ብሎ ለመናቸው። እማማም፣ እጁ ባዶ እስካልሆነ ድረስ ይችላል አሉ። ለአንድ ቀን የተባለው ሦስት ቀን ሆነ። ዋናው መሐንዲስ ሦስት ቀን ሙሉ ካርቶን እየቆጠረ፣ ሹፌር እያስፈረመ፣ የገዛ ሥራው በየሰባት ደቂቃው ዓይኑ ሥር ብቅ እያለ ቁጥር ሲያስተው ዋለ። በሁለተኛው ቀን ካርቶኑን መልሶ የለጠፈው እሱ ራሱ ነው።

ጆሮ በበኩሏ እማማን ለብቻቸው አግኝታ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ነገሩን ቀለል አድርገው፣ አንቺ የያዝሽው ስልክ ነው፣ የምታይው አልነበረም አሏት። ቀጥለው ያሏትን ግን ዕድሜ ልኳን አልረሳችውም።

«ልጄ፣ ሰው ቀዩን ቁልፍ የማይጫነው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ከተጫንኩት ሥራው ሁሉ ይቆማል ብሎ ፈርቶ ነው። ምን እንደሚቆምና ምን እንደማይቆም ማንም አይነግረውማ።»

ሲመለሱ ስብሰባ ተጠራ። መሐንዲሱ ደብተሩን ፎቶ አንስቶ በግድግዳው ላይ አሳየና ከአርባ አንዱ ነገር አብዛኛው ከተራ ሠራተኛ ዓይን መነሳት አለበት አለ። የጽዳቷ ሴት ብትኖር ኖሮ ስኳሩን ትቀንስለት ነበር።

የሽያጭ ኃላፊው አልተስማማም፤ ያለውም የሞኝ ነገር አልነበረም። ገዢው የሚገዛው ከመጠቀሙ በፊት ነው። የእኛን ዝርዝር ከሌላው ዝርዝር ጎን አስቀምጦ ይቆጥራል፤ አርባ ያለውን ትቶ አሥር ያለውን አይወስድም። ደግሞ ትልልቆቹ ድርጅቶች የራሳቸው የደኅንነት ባለሙያ አላቸው፤ ለእነሱ ያቺ የማትረባ የምትመስለው ቢጫ ሳል ራሷ መረጃ ናት። የማክሰኞው ሰውዬ የተገኘውስ በቢጫ አይደለም? ቢጠፋ ኖሮ እማማ ምን ይጽፉ ነበር?

ለዚህ መልሱ የመጣው በስብሰባ ላይ ተናግራ ከማታውቀው ከጆሮ ነው። ማንም ምንም ይጥፋ አላለም አለች። ሐኪም ለሐኪም ሲያወራ ሁሉንም ያወራል፤ ለታማሚው ግን ምን ማድረግ እንዳለበት ይነግረዋል። ባለሙያው ሁሉን የሚያይበት ክፍል ይኑረው፤ ማህደሩም ይቀመጥ። ሥራ ላይ ላለው ሰው ግን አንድ ገጽ ይሁን፤ ሳጥን ብቅ የሚለውም እሱ አንድ ነገር እንዲያደርግ ሲፈለግ ብቻ ይሁን። በየሳምንቱ እየተመለሰ የሚያንኳኳ ካለ ደግሞ መቁጠሩ የሰው ሥራ መሆን የለበትም፤ ማሽኑ ራሱ ይቁጠረው።

«ያን የመጨረሻውን እንጨምር» አለ መሐንዲሱ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሰባት ወር ፈጀ። ጆሮ ስልኩን ለሌላ ሠራተኛ አስረክባ ከመሐንዲሱ ጎን ጠረጴዛ ተሰጣት። ሥራዋ ማስጠንቀቂያዎቹን እንደገና መጻፍ ሆነ። «ከውጫዊ ምንጭ ያልታወቀ የማረጋገጫ ሙከራ» ይል የነበረው «አንድ ሰው በባልደረባዎ ስም ሊገባ እየሞከረ ነው። ደውለው ይጠይቁት። እሱ ካልሆነ ይህን ተጭነው ይዝጉበት» ሆነ። መሐንዲሱ ትክክለኛነት ጎደለ ይላል፣ እሷ ትክክል ሆኖ የማይገባ ነገር ምን ያደርጋል ትላለች፤ ደኅና አድርገው ተጨቃጨቁ። አንዳንዴ እሱ ልክ ነበር። አንድ ጊዜ እሷ ገጹን ላቅልል ብላ አዲስ ስልክ ከመስመሩ ጋር እንዲገናኝ የሚፈቀድበትን ቦታ ከመጠን በላይ ውስጥ ደበቀችው። ሶፍትዌሩን ለሙከራ የወሰደው የትራንስፖርት ድርጅት ሹፌሮች የጭነት ትእዛዝ በስልካቸው ማየት ስላልቻሉ ለግማሽ ቀን ሥራ ፈተው ቆሙ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው። ይቅርታ ጠይቃ ወደ ቦታው መለሰችው፤ ቀላል ማለት ጥቂት ማለት ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ተማረች።

ከሁሉ በላይ የፈተነቻት አንዲት ማስጠንቀቂያ ናት፤ የመጨረሻዋ፣ ቀይዋ፣ ጥቃቱ እንደ እሳት ሲነሳ የምትታየው። አሥራ አንድ ቀን ጻፈችና ሰረዘቻት። በመጨረሻ እንዲህ ሆነች፦ «የከፈቱት ፋይል ሌሎች ፋይሎችን መቆለፍ ጀምሯል። ይህን ኮምፒውተር ብቻ ከመስመር ለማውጣት ቀዩን ይጫኑ። የቀሩት ኮምፒውተሮችና ማሽኖች ሥራቸውን ይቀጥላሉ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያስገባችው የእማማን ቃል አስባ ነው። መሐንዲሱ ያቺ ዓረፍተ ነገር እውነት እንድትሆን ብቻ ሁለት ወር ሠራ፤ አንዱ ሲቆረጥ ሌላው በእርግጥ እንዲቀጥል።

አዲሱ ሶፍትዌር ወጥቶ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ቀይዋ ማስጠንቀቂያ የምትፈለግበት ቀን መጣ። የጭነት ሰነድ መስሎ የተዘጋጀ መርዘኛ ፋይል በአንድ ጊዜ ለብዙ ድርጅቶች ተላከ። አዲስ ስለነበር ዘበኛው ከመከፈቱ በፊት አልለየውም። ቢሮው ውስጥ የደንበኞቹ ሁኔታ በትልቅ ስክሪን በነጥብ ይታያል፤ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። መጀመሪያ ሁለት ነጥብ ቀላ። ከዚያ ዘጠኝ። ከዚያ እንደ ቆዳ ሽፍታ ተዛመተ። ሁሉም ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ማን ያነሳል አለ፤ ሁሉም ለሚመጣው የጥሪ ናዳ ተዘጋጀ።

ስልኩ ግን አልጮኸም።

ጆሮ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። አንዱ ቀይ ነጥብ ግራጫ ሆነ። ግራጫ ማለት ያ ኮምፒውተር ለብቻው ተነጥሏል፣ እሳቱ እዚያው ቀርቷል ማለት ነው። ከዚያ ሌላው ግራጫ ሆነ። ከዚያ ሦስት በአንድ ላይ። አንዱ የጥርስ ሐኪም ቤት ነው፤ አንዱ ማተሚያ ቤት ነው፤ አንዱ ዱቄት ፋብሪካ ነው። የሆነ ቦታ፣ ፊቷን አይታ የማታውቃት አንዲት ጸሐፊ ሥራዋን አቋርጣ ሦስት ዓረፍተ ነገር አነበበች፣ አመነች፣ ተጫነች። የሆነ ቦታ አንድ ሌላ ሰው እንደዚያው አደረገ። ማንም ማንን አላዘዘም፤ አንዱ የሌላውን መኖር እንኳ አያውቅም። ጆሮ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። የተሰማት ኩራት አልነበረም፤ ኩራትን ታውቀዋለች። ይሄ ከሰማይ በታች በአንድ ሌሊት የበቀለ ጫካ ፊት የቆመ ሰው የሚሰማው ዓይነት ነገር ነበር።

በሃያ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ፋይሉ ከደረሳቸው ሰማንያ አራት መሥሪያ ቤቶች ሰባ ዘጠኙ ራሳቸው ቆረጡት። አምስቱ ጋ ሰው ከኮምፒውተሩ ርቆ ስለነበር መልስ ሲጠፋ ማሽኑ በራሱ ቆረጠው። መሐንዲሱ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ቆጠረው። ከዚያ ወደ ጆሮ ሳይዞር ተናገረ።

«ዘጠኝ ዓመት ሰዎቹ አያነቡም ስልሽ ነበር።»

እሷ ወንበር ስባ ሰጠችው።

ያኔ ስልኩ ጮኸ፤ የዚያን ቀን ረፋድ የመጀመሪያው። ጆሮ ቀድማ አነሳችው። ከመድኃኒት መጋዘኑ ነው። እማማ ጡረታ ወጥተው በቦታቸው የተቀመጠው ጉልበቱ ታሞ መሪ መያዝ ያቃተው የቀድሞ ሹፌር ነበር፤ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው።

«ቀዩን ተጫንኩት» አለ። «አጠፋሁ እንዴ?»

«አላጠፉም። ማቀዝቀዣዎቹስ?»

ሰውየው ዘወር ብሎ ሲያይ ትንፋሹ ተሰማት። «ሦስቱም አራት ዲግሪ ላይ ናቸው። በሉ እንግዲህ፣ መኪና ቆሞብኛል።» ዘጋው።

ከሰዓት በኋላ ለእማማ ደወለች። ልጃቸው ቤት ነበሩ፤ የልጅ ልጃቸው ከኋላ ያለቅሳል። የሆነውን ስትነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁት የክትባቱን ነው። ደኅና ነው አለቻቸው። ቀጥለው የጠየቁት የሹፌሩን ጉልበት ነው። እሱን አላውቅም ብትላቸው፣ በሚቀጥለው ስትደውዪ ጠይቂው አሏት።

በዚያ ቀን ከሥራ ስትወጣ ገና ፀሐይ ነበር። ጎማ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ፌርማታ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ የሥራ ልብሱን ያላወለቀ፣ የባጅ ገመድ አንገቱ ላይ የረሳ፣ የምሳ ዕቃውን ክንዱ ሥር የያዘ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሊሄድ ተሰልፏል። ጆሮ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመች። ከፊቷ ያለችው ሴት ደክሟት ዓይኗን ጨፍናለች። ከእሷ ፊት ያለው ሰው ለጓደኛው፣ ዛሬ ኮምፒውተሬ ላይ አንድ ነገር መጥቶ ነበር፣ ቀዩን ተጫንኩና በሌላ ኮምፒውተር ሥራዬን ቀጠልኩ እያለ ያወራል፤ ጓደኛው አልሰማውም፣ አውቶቡሱን ነው የሚጠብቀው። ሰውየውም ነገሩን ትቶ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ። ጆሮ የሰውየውን ማጅራት እያየች ቆየች። ማን እንደሆነች ልትነግረው ፈለገችና ተወችው። አውቶቡሱ ሲመጣ ሰልፉ ተበተነ፤ እሷም ወደ ኋላ ብላ ሰውየውን አሳለፈችው።